ኳስ የማይቆምበት ሜዳ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ቁልቁለት» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሜዳችን ነው። ሜዳችን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሜዳ ለመባል ብዙ ይቀረው ነበር። ከላይኛው ጎል ወደ ታችኛው ጎል ይወርዳል፤ መውረዱ ሳያንስ ወደ ግራ፣ ወደ ወንዙ በኩል ዘንበል ይላል። ኳስ መሃል ላይ አስቀምጣችሁ፣ የጫማችሁን ማሰሪያ አስራችሁ ቀና ስትሉ ኳሷ የለችም። እየተንከባለለች ወንዙ ጥግ ደርሳለች። ዳኞች እንኳ ጨዋታ ሲያስጀምሩ ኳሷን በጫማቸው ደግፈው ነበር ፊሽካ የሚነፉት።

ክለቡ ድሮ የሰፈሩ ጡብ ፋብሪካ ንብረት ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኖቹን ነቅለው ሌላ ከተማ ወሰዷቸው፤ ክለቡን ግን የሚወስደው ጠፋ። ጠማማ ሜዳ ላይ የሚራገጡ ሥራ ፈት ጎረምሶችን ማን ይፈልጋል? ያን ጊዜ ሰፈሩ ተሰብስቦ «እንግዲያው የእኛ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው። ያለውም የሌለውም፣ ኳስ የሚወደውም የጎረቤት ጩኸት የሚያስመርረውም እኩል ባለቤት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የቡድኑን ማሊያ ከአንገትጌው እስከ ቁጥሩ የምሰፋው እኔ ነኝ። ድምፄ ግን እንደማንም አንድ ብቻ ነው። ይሄ ነገር አንዳንዴ ያበግነኛል።

ስብሰባ የምናደርገው እዚያው ሜዳው ላይ ነው። እጅ ማውጣት አይሠራም፤ እጁን የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የጎረቤቱን እጅ ያያል ይባላል። ስለዚህ የደገፈ ወደ አንዱ ጎል፣ የተቃወመ ወደ ሌላው ጎል በእግሩ ይሄዳል። መሃል ላይ መቅረት ነውር ነው። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፣ አንድ እንከን ባይኖርበት። የሽማግሌዎቻችን ጉልበት አይረባም፣ እናቶችም ልጅ ታቅፈው ነው የሚመጡት፤ ታዲያ አብዛኛው ሰው፣ ሐሳቡ ምንም ይሁን ምን፣ ቁልቁል መሄድ ይቀለዋል። ይህን ቀድሞ የነቃበት ሊቀመንበራችን ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሲያዩት እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ነገር ሲያበስል ግን የሚስተካከለው የለም። እንዲያልፍለት የፈለገውን ሐሳብ ሁልጊዜ ታችኛው ጎል ላይ ያደርገዋል። ስንት ዓመት እንደዚያ አድርጎ ገዛን። እኛም እያወቅን ተገዛን።

ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት የወተት ጥርሱን እንኳ ነቅሎ አልጨረሰም ነበር። ዛሬ የፀጉሩን ጎንና ጎን ሽበት ጀማምሮታል፣ የራሱ ሚስትና ልጆች አሉት፤ እኔ ግን አሁንም «አንተ ልጅ» ነው የምለው፣ እሱም «እትዬ» ይለኛል። በሥራው ግንበኛ ነው። በኳሱ የግራ መስመር ተጫዋች ነው። ወንድሜ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ፍጥነት የለውም፤ ጉልበትም የለውም፤ ኳስ በጭንቅላት ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል። ያለው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ሜዳ እንደ ቤቱ ያውቀዋል። ወደ ታች በምናጠቃበት አጋማሽ ኳስ ሲደርሰው በስሱ ነካ ያደርግና ትቷት ይሮጣል። ለሜዳው አደራ ይሰጣታል ማለት ይሻላል። ተከላካዩ ግራ ሲጋባ እሱ በሌላ በኩል ዞሮ ወንዙ ጥግ ይደርሳል፤ ኳሷም እንደ ታዛዥ ልጅ ተንከባልላ እግሩ ሥር ትመጣለታለች። ከዚያ ወደ ጎሉ አፍ ያሻግራታል፣ አንዱ ያስቆጥራል። ሌላ ከተማ ስንጫወት አሰልጣኛችን፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወንድሜን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ እዚያ እንደማንም ሰው ነው። ሜዳችን ላይ ግን አንደኛ ነበር።

ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው፤ ከዚህ ክለብ ጋር፣ በዚህ ሜዳ ላይ፣ በላይኛው ሊግ አንድ ጨዋታ መጫወት። አንድ ብቻ። ትንሽ እያለ ከመኝታው በፊት ጸሎት አድርስ ስለው ይህንኑ ነበር የሚጨምርበት።

በስተመጨረሻ ቀናን። ውጭ ስንጫወት አቻ እየወጣን፣ ቤታችን ላይ እያሸነፍን ከታችኛው ሊግ አንደኛ ወጣን። ሰፈሩ አበደ። ሊቀመንበሩ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ዳቦ ሲያድል ዋለ። እኔም መርፌ ጣቴን ወግቶት ሕመሙ የተሰማኝ ማግስቱን ነው።

ደስታችን ሳይበርድ ከፌዴሬሽኑ አንድ መርማሪ መጣ። ኳስ መሃል ሜዳ ላይ አስቀመጠ። ኳሷ ሄደች። ሰውዬው ከኋላዋ እስከ ወንዙ ጥግ ድረስ ተከትሏት ሄዶ፣ ላቡን እየጠረገ ዳገቱን ተመለሰ። «ይሄ ካልተስተካከለ ላይኛው ሊግ የሚባል ነገር የለም» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ስብሰባ ተጠራ። ሜዳውን ደልድለን እንውጣ፣ ወይስ እንዳለን ታች እንቅር? ሊቀመንበሩ መውጣቱን ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ እንደልማዱ «እንደልድል የሚል ታችኛው ጎል፣ እንቅር የሚል ላይኛው ጎል» ብሎ ሊጀምር ሲል ወንድሜ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይገልብጡት» አለ። «እንደልድል የሚለው ሽቅብ ይውጣ። ነገ አካፋ የሚይዝ ሰው ዛሬ ዳገት ካቃተው ይታወቅ።»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩም እያፈረ ገለበጠው። ወንድሜ ማንንም ሳይጠብቅ ሽቅብ መሄድ ጀመረ፤ ብቻውን፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ። ሜዳው ከተስተካከለ የእሱ ነገር እንዳበቃለት የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ እሱም ጭምር። ሳይስተካከል ደግሞ ላይኛው ሊግ የለም። ምኞቱ ላይ ለመድረስ ተጫዋች ያደረገውን ነገር በገዛ እጁ ሊያፈርስ ነው። ጥቂት ቆይቶ ወጣቶቹ ተከተሉት፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ በከዘራ የሚሄዱት ሳይቀሩ እየተደጋገፉ። እኔ ግን በንዴት ወደ ታች ወረድኩ። ከእኔ ጋር የወረዱት ጥቂት አዛውንት ናቸው፤ እነሱንም የመረጠላቸው ጉልበታቸው ነው።

ከዚያ ቁፋሮ ሆነ። ዝናቡ ሳይገባ ለመጨረስ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ፤ ከላይኛው ጎል አፈር እየተቆረሰ በጋሪና በጆንያ ወደ ታች ይወርዳል። ሥራውን የሚመራው ወንድሜ ነው። የሚለካውም በውሃ ነው፤ ውስጡ የሚታይ ረጅም ቀጭን ጎማ ውሃ ይሞላና አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ ሚስቱ ይዘው ሜዳው ዳርና ዳር ይቆማሉ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ሲረጋ እዚያ ላይ ችካል ይመታል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ትመጣና «ውሃሽ የት ደረሰ?» ሲላት ያመሻል። እኔ ማሊያ ልስፋ ብዬ ቤቴ ቀረሁ። አኩርፌ ነው፤ አልደብቅም።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ልብስ ስፌት ቤቴ መጣ። ሊቀመንበር ዳቦ ይዞ ሲመጣ ነገር አለ።

«እህቴ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምሽን ብታነጋግሪው? ወንዙ ጥግ ላይ እፍኝ ያህል፣ ለዓይን የማይታይ፣ ዘንበል ቢያደርገውስ? መርማሪው አያውቀውም። እኛ ደግሞ ልጁን አናጣውም።»

አቤት ደስታዬ! እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም አልኩ። ሊቀመንበሩን በዚያን ቀን ብቻ ወደድኩት። ወንድሜ ከሥራ መልስ ሲመጣ ሻይና ያንኑ ዳቦ አቀረብኩለት። ጫማው ጭቃ ነው፤ እንዲያወልቅ እንኳ አልተቆጣሁትም። ያኔ ነው የጠረጠረኝ።

«እትዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

ነገርኩት። ዳቦውን እያላመጠ ሰማኝና «ሊቀመንበሩ ነው የላከሽ» አለ።

«ማንም ይላከኝ! አንተ ልጅ፣ ትንሽ ብታዘነብለው ማን ያየዋል?»

«ውሃው ያየዋል።»

«ውሃው መናገር ይችላል?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ግድግዳዬን አየ፤ እሱ ራሱ የገነባው ግድግዳ ነው። «እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ ጠማማ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ይሄ ሜዳ ስወለድም ጠማማ ነበር፤ ጠማማነቱ የእኔ አይደለም፤ ተጠቀምኩበት፣ ሐሴት አደረግኩበት። ካሁን በኋላ የሚኖረው ግን የእጄ ሥራ ነው። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ የሚያድጉበት ነው። ለራሴ እግር ብዬ አጣምሜው ምን ብዬ አየዋለሁ?»

«ምኞትህስ?»

«ከቀናኝ በደልዳላው ላይ እጫወታለሁ።»

«በደልዳላው ላይ አትችልም!» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እሱ ግን አልተቆጣም። ሻዩን ጨልጦ «እሱንም አውቃለሁ» አለ፤ ሄደ። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ዳቦውንም ለዶሮ ሰጠሁት።

መርማሪው ተመልሶ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ መስመሩ ዙሪያ ቆሞ ነበር። ኳሷን መሃል አስቀመጠ። ቀና አለ። ኳሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አያት፣ ዞራት፤ አሁንም ቆማለች። ኳስ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻዋን ስትቆም አንዳችንም አይተን አናውቅም። የሊቀመንበሩ ዓይን እንባ አቀረረ። ወንድሜ ከሚስቱ አጠገብ ቆሞ ያንን የውሃ ጎማ እየጠቀለለ ነበር፤ ኳሷን ያያት አንዴ ብቻ ነው።

ላይኛው ሊግ እንደተፈራው ሆነ። እንግዶቹ ቡድኖች ሜዳችንን ወደዱት። ለጥ ያለ፣ የተመቸ፤ እንደ ቤታቸው ተጫወቱበት፤ እኛ ነን እንግዳ የሆንነው። ተጫዋቾቻችን ኳስ ሲያቀብሉ ድሮ በለመዱት ልክ ይለኳታል፤ ኳሷ መንገድ ላይ ትቀርባቸዋለች። ዳቦ ቤት ተራ ስንጠብቅ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉ በዙ፤ ሽቅብ የወጡትም ጭምር። አንዷማ ፊቴ ላይ «ወንድምሽ ነው የገደለን» አለችኝ። መልሴን እዚህ አልጽፈውም።

ወንድሜ ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሳም። ዓመቱ ሲጀመር አስራ አንድ ቁጥር ማሊያውን በጥንቃቄ ሰፍቼለት ነበር፤ ያ ማሊያ እንደተሰፋ ቀረ፤ ላብ አልነካውም፣ ታጥቦም አያውቅም። ሳየው ያንገበግበኛል። ፀጉር አስተካካዩን ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳሙና ተቀብቶ እያለ ተጣላሁት።

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው» አለኝ፣ ምላጩን ይዞ። «ግን ንገሪኝ፣ የት ላጫውተው?»

«ስብሰባ አስጠራለሁ! ባለቤቱ እኛ ነን!»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ። «ተጫዋች በድምፅ አይገባም፣ እትዬ! እህቱ ለምናለት ገባ ከምባል ወንበሩ ላይ ብሸብት ይሻለኛል።»

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ቤታችን ላይ ነበር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የግራ መስመር ልጃችን ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ ፊቴን አዞርኩበት፤ በእኔ ምክንያት እንዳይሆን ፈርቼ። ዞሬ ሳይ ወንድሜ መስመሩ ላይ ቆሞ ካልሲውን እየሳበ ነው። ያ ላብ የጠማው ማሊያ ጀርባው ላይ አለ። ሚስቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

መጀመሪያ ላይ ኳስ አልደረሰውም። ብቻ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ይሮጣል። ወደ ታችኛው ጎል ነበር የምናጠቃው፤ ወንዙ ጥግ በእሱ በኩል ነው። አንድ ኳስ ከመሃል ተነስታ ወደሱ መጣች። አበረዳት። ተከላካዩ ተጠጋው። ወንድሜም በስሱ ነካ አደረጋትና ትቷት ሮጠ።

ሰፈሩ በሙሉ ብድግ አለ። አንገታችን ሁሉ፣ አንድ ሰው እንደጠመዘዘው፣ ወደ ወንዙ ጥግ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ወንድሜ በተከላካዩ ጀርባ በኩል ዞሮ ጥጉ ላይ ደረሰ፤ ቆመና ጎንበስ ብሎ እግሩን አዘጋጀ። ኳስ ግን አልመጣችም።

ኳሷ ትቷት የሄደው ቦታ አጠገብ ቆማለች። ተከላካዩ እሷን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ የተጠመደለት ወጥመድ መስሎት እንደገና ዙሪያውን አየ። ከዚያ መጥቶ ወደ ውጭ ጠለዛት። የእንግዶቹ ደጋፊዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከእኛ በኩል ማንም አልሳቀ። የሚስቅ ቢኖር ቦርሳዬ ውስጥ መቀስ ነበረኝ። ሁላችንም ወንዙ ጥግን እያየን፣ ባዶውን ሣር እያየን፣ አፋችንን ከፍተን ቆመን ነበር። ከዚያ ከፊቴ ያሉ አንድ አዛውንት፣ በስብሰባው ቀን ከእኔ ጋር ወደ ታች ከወረዱት አንዱ፣ «እኔም እዚያው ነበር የጠበቅኳት» አሉ። ለራሳቸው ያህል ነበር ያሉት፤ ግን ሁሉም ሰማቸው። ከዘራቸውን አስደግፈው ማጨብጨብ ጀመሩ። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ፣ ቀጥሎ ያቺ ዳቦ ቤት የተጣላኋት ሴት። ጭብጨባው ሜዳውን ዞረ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ተጫወተም፤ እንደማንም ሰው ኳስ ነጠቀ፣ ተነጠቀ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ፊሽካው ሲነፋ አንድ ለአንድ ነበርን። ተረፍን።

ሰዉ ሊቀመንበሩን ተሸክሞ ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄድ ወንድሜ ሜዳው ላይ ቀረ። እኔ ላጽናናው ወረድኩ። አንዲት ኳስ ይዞ ቅድም ኳሷ የቀረችበትን ቦታ ፈልጎ አገኘው፣ አስቀመጣት፣ እጁን አነሳ። ቆመን አየናት።

«አየሻት እትዬ?» አለኝ። ጉንጩ ረጥቧል፤ ግን ፈገግ ብሏል። «ንቅንቅ አትልም። በዚህ በኩል ብትሄጂ፣ በዚያ በኩል ብትሄጂ፣ የትም ብታስቀምጫት እንዲህ ናት።»

«አየኋት» አልኩት። ማሊያው ጭቃና ላብ ነበር፤ ጨርቁ ላይ አፍንጫዬን ስደብቅ አልገፋኝም።

«አንቺ የት ነበር የጠበቅሻት?»

«እዚያው ጥጉ ጋ ነዋ! የት ልጠብቃት?»

ሳቀ፤ ልጅ ሆኖ እንደሚስቀው። «ማሊያውን ስጠኝ፣ ልጠብልህ» ብለው «ዛሬ ይደር» አለኝ። ትከሻውን ይዤ ወደ መውጫው ሄድን። ኳሷን ማንሳት ረስተን ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ዞሬ አየሁ፤ ያስቀመጣት ቦታ ላይ ነበረች።